ጠርሙሱ ሲሸጥ ጓንቱ የታለ?

ገጠር ያደገ ወይም ገጠር ዘመድ ያለው ሰው ያውቀዋል፤ «ፀረ-አረም» የሚለው ቃል ገበሬ አፍ ላይ ብዙም የለም። ያለው «መድኃኒት» ነው። «ዛሬ መድኃኒት ልረጭ ነው»፣ «ዝናቡ መድኃኒቱን አጠበው»፣ «የዘንድሮ መድኃኒት ተወዷል»። ቃሉ ራሱ ግማሹን ሥራ ይሠራል። መድኃኒት ያድናል እንጂ አይፈራም። ልጅ ሲነካው «ኧረ ተው!» ብለን የምንጮኸው መርዝ ሲሆን ነው።

እኔ የተማርኩት ኢኮኖሚክስ ነው፤ ሐኪምም የግብርና ባለሙያም አይደለሁም። ግን በዚያው በተማርኩት ዓይን ሳየው አንድ ነገር ይከነክነኛል። ሱቅ ውስጥ ያ ጠርሙስ ሲሸጥ ዋጋው ውስጥ የኬሚካሉ፣ የመርከቡ፣ የጉምሩኩ፣ የነጋዴው ትርፍ አለ። የሚረጨው ሰው አንጎል ግን የለበትም። ያንን ሒሳብ ከሃያ ዓመት በኋላ ራሱ ረጪው ይከፍላል፣ ለዚያውም ለምን እንደከፈለ ሳያውቅ።

በቅድሚያ ግን ገበሬውን አንክሰስ። ጤፍ አርሞ የሚያውቅ ሰው ምን ማለቴ እንደሆነ ይገባዋል፤ ወገብ ጎንብሶ ቀኑን ሙሉ፣ ከዚያ ነገም፣ ከዚያ ከነገ ወዲያም። ድሮ ለደቦ ይወጣ የነበረው ጎረምሳ ዛሬ ከተማ ገብቶ ባጃጅ ይነዳል፣ ኮንስትራክሽን ላይ ይሠራል፣ ወይ ዐረብ አገር ሄዷል። የቀን ሠራተኛ ዋጋ አይቀመስም። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ አንድ ጥናት ጤፍ አምራቾችን አይቶ፣ ፀረ-አረም የተጠቀሙት ገበሬዎች የጉልበት ምርታማነት ከ9 እስከ 18 በመቶ እንደጨመረ ጽፏል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አራሚዎቹ ብዙውን ጊዜ ሴቶችና ልጆች መሆናቸውን ደግሞ ጨምሩበት። ያ ጠርሙስ ለአንዲት ልጅ ከትምህርት ቤት የማትቀርበት ሳምንት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ካፌ ውስጥ ተቀምጦ «ኬሚካል በቃ ይጥፋ» የሚለው ክርክር አይመቸኝም። ማኪያቶ እየጠጡ አረም አይታረምም።

ባለፈው ክረምት ምንጃር አጎቴ ጋ ሄጄ ነበር። ማሳው ዳር ግማሽ ሊትር የምትይዝ ሃይላንድ ቆማለች፤ ውስጧ ቡናማ ፈሳሽ አለ። ወረቀቷ ተልጧል።

«ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«የአረም መድኃኒት ነዋ!»

«ስሙስ?»

«የሰፊ ቅጠሉ ነው።»

በቃ፣ ስሙ ይኸው ነው። ባለሱቁ ከትልቁ ጀሪካን እየቀነሰ ነው የሚሸጠው፤ ሙሉውን መግዛት ለሁሉም አይቻልም። ስለዚህ ጀሪካኑ ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ፣ ማስጠንቀቂያው፣ የመጠን ልኩ፣ «ቢነካዎት እንዲህ ያድርጉ» የሚለው ሁሉ ሱቅ ቀርቷል። አጎቴ በክዳን ለካ፣ ባልዲ ውስጥ ጨመረ፣ በእንጨት አማሰለ፣ እንጨቱ አልደርስ ሲለው በእጁ ጨረሰው። መርጫውን ጀርባው ላይ አዘለ። ታንኩ በጎን ያፈሳል፤ ከመሃል ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቆ ነበር። የመርጫው ጫፍ ሲደፈንበት ነቀለውና በአፉ እፍ አለበት። ይህንን ሲያደርግ ምንም አልመሰለውም። እኔ ስጮህ ሳቀብኝ።

«አንቺ ልጅ፣ እኔ ሃያ ዓመት ረጨሁ። ምን ሆንኩ?»

መልስ አልነበረኝም። አዲስ አበባ ተመልሼ ማንበብ ጀመርኩ፤ ከሁሉ የያዘኝ ታሪክ የሚጀምረው ደግሞ ከእርሻ ሳይሆን ከአደንዛዥ ዕፅ ገበያ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1982 ካሊፎርኒያ፣ ሳን ሆዜ አካባቢ፣ ሐኪሞች ግራ የሚያጋባ ነገር ገጠማቸው። ገና በወጣትነትና በጎልማሳነት ዕድሜ ያሉ ሰዎች በድንገት እንደ ሐውልት ደርቀው ይመጣሉ። መናገር አይችሉም፣ መንቀሳቀስ አይችሉም። ምልክቱ የፓርኪንሰን ነው፤ ፓርኪንሰን ግን በአብዛኛው የአዛውንት በሽታ ነው፣ ለዚያውም ቀስ እያለ በዓመታት የሚመጣ። ዊሊያም ላንግስተን የተባለ የነርቭ ሐኪምና ባልደረቦቹ ነገሩን ተከታትለው ደረሱበት። ሰዎቹ ሄሮይን ብለው የወሰዱት በድብቅ የተቀመመ ኬሚካል ነበር፣ ቀማሚው ተሳስቶ ሌላ ነገር ተፈጥሮበታል። ኤም ፒ ቲ ፒ ይባላል። አንጎል ውስጥ ሲገባ ይለወጥና ዶፓሚን የሚያመርቱትን ሕዋሳት ይገድላል። ዶፓሚን ደግሞ ሰውነት «እንቅስቃሴህን በልክ አድርግ» የሚባልበት መልእክት ነው ብንል ብዙ አንሳሳትም።

ያ አንጎል ውስጥ የሚፈጠረው መርዝ በኬሚካላዊ ቅርጹ ከአንድ የታወቀ ፀረ-አረም ጋር በጣም ይመሳሰላል፤ ከፓራኳት ጋር። ብዙ አገር «ግራሞክሶን» በሚል የንግድ ስም ያውቀዋል፤ አይ ሲ አይ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ ገበያ ያወጣው ነው። ሳይንቲስቶቹ ያኔ «እንዴ?» አሉ። በአንድ ሌሊት ሰው የሚያደርቀው ነገር ቅርብ ዘመድ በየማሳው እየተረጨ ነው ማለት ነው?

ፓራኳት አረሙን የሚገድለው በማቃጠል ነው ማለት ይቻላል። ቅጠሉ ውስጥ ገብቶ ኦክስጅንን ወደ ጎጂ መልክ ይለውጠዋል፤ ያ ኦክስጅን ሕዋሱን ከውስጥ ይበላዋል። ጠዋት የተረጨ አረም ፀሐይ ካገኘ በሰዓታት ውስጥ መጠውለግ ይጀምራል። ችግሩ ይህ ዘዴ ቅጠልና ሰው አይለይም። ሰው ከጠጣው ሳንባውን ያጠፋል፤ አንድ ጉንጭ ሊገድል ይችላል፣ ማርከሻም የለውም። ኩባንያው ራሱ ሰዎች ለስላሳ መጠጥ ወይም ቡና እየመሰላቸው እንዳይጠጡት ሰማያዊ ቀለም፣ መጥፎ ሽታና የሚያስመልስ ነገር እንዲጨመርበት እስከማድረግ ደርሷል። አጎቴ ሃይላንድ ውስጥ ያየሁት ፓራኳት ነው እያልኩ አይደለም። ምን እንደሆነ ማን ያውቃል? ስም የለውማ።

በትንሽ በትንሹ፣ ለዓመታት፣ በቆዳና በትንፋሽ ሲገባስ? እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ጥናት አይዋና ሰሜን ካሮላይና ውስጥ ያሉ የእርሻ ሰዎችን አየ፤ 110 የፓርኪንሰን ታማሚዎችን ከ358 ጤነኞች ጋር አነጻጸረ። ፓራኳት የተጠቀሙት በበሽታው የመያዝ ዕድላቸው ከሌሎቹ ወደ ሁለት ተኩል እጥፍ ከፍ ብሎ ተገኘ። እርግጥ እንዲህ ያለ ጥናት «ይሄ ያንን አመጣ» ብሎ ጣት ለመቀሰር ብቻውን አይበቃም። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ማስረጃው በቂ አይደለም ብሏል፤ ዛሬ የምርቱ ባለቤት የሆነው ሲንጀንታም ግንኙነቱን ይክዳል። ይኸው ሲንጀንታ ግን እ.ኤ.አ. በ2021 ከከሳሾች የተወሰኑትን ለማስማማት 187.5 ሚሊዮን ዶላር ከፍሏል፤ ጥፋተኛ ነኝ ሳይል። ጥፋት የለብኝም የሚል ሰው እንዲህ ያለ ቼክ መቼ እንደሚፈርም እናንተ ፍረዱ።

ከሁሉም በላይ ግን በ2015 የታተመው ተከታይ ትንተና ነው አፌን የዘጋው። ያንኑ የገበሬ ቡድን ወስደው ጓንት የሚያደርጉትንና የማያደርጉትን ለዩ። ጓንት በማያዘወትሩት ላይ ፓራኳት ከፓርኪንሰን ጋር ያለው ግንኙነት ጠንከር ብሎ ታየ፤ ወደ አራት እጥፍ የተጠጋ። መከላከያ ጓንት በሚያዘወትሩት ላይ ግን ያ ግንኙነት አልታየም። ጓንት! የጨረቃ ቴክኖሎጂ አይደለም እኮ። ላስቲክ ነው።

ወደ አጎቴ ጥያቄ ልመለስ፤ «ምን ሆንኩ?» ፓርኪንሰን የሚያስከፋው እዚህ ላይ ነው። እጅ መንቀጥቀጥ በሚጀምርበት ጊዜ ዶፓሚን ከሚያመርቱት ሕዋሳት ግማሽ ያህሉ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ ቀድመው ጠፍተዋል። አንጎል ጉድለቱን እየሸፈነ ለዓመታት ይቆያል፣ ከዚያ አንድ ቀን መሸፈን ያቅተዋል። ዛሬ ደህና መሆን ዛሬ ምንም እየደረሰ አይደለም ማለት አይደለም። ሲመጣ ደግሞ ማን ያገናኘዋል? እጁ የሚንቀጠቀጥ ሽማግሌ ስናይ «እርጅና ነው» እንላለን፣ «ነርቭ ነው» እንላለን፣ ጸበል እንወስደዋለን። የነርቭ ሐኪም ለማየት ከወረዳ አዲስ አበባ ድረስ መምጣት አለበት። መጥቶም ቢሆን «ስንት ዓመት ረጩ? ምን ረጩ?» ብሎ የሚጠይቀው ካገኘ ዕድለኛ ነው፤ ቢጠየቅም መልሱ «የሰፊ ቅጠሉን» ነው።

ኢኮኖሚስቶች ኤክስተርናሊቲ የሚሉት ነገር አለ፤ አንዱ ሲሸጥና ሲገዛ ሦስተኛው ሰው የሚሸከመው ወጪ። የፋብሪካ ጭስ የተለመደው ምሳሌ ነው። እዚህ የሚገርመው ሦስተኛው ሰው ራሱ ገዢው መሆኑ ነው፤ የሃያ ዓመት በኋላው ገዢ። የዛሬው አጎቴ ከነገው አጎቴ ላይ ይበደራል፣ ወለዱን ግን ማንም አልነገረውም። ሻጩ የሚያውቀውን ገዢው አያውቅም፤ አንዳንዴም ሻጩም አያውቅም። እንዲህ ያለ ገበያ በራሱ ይስተካከላል ብሎ የሚያምን ካለ የመጀመሪያ ዓመት ኮርሱን ይድገም።

እኛ አገር ጥናት የለም እንዳትሉ። እ.ኤ.አ. በ2018 የኢትዮጵያና የኔዘርላንድስ ተመራማሪዎች በሦስት ዓይነት የንግድ እርሻዎች ላይ የሚሠሩ ኬሚካል ረጪዎችን አጥንተው አሳትመዋል። ቀደም ሲል በሚረጩት ነገር ተመርዘው የሚያውቁት ከሌሎቹ ይልቅ የነርቭና የባሕርይ ምልክቶች ይበዙባቸዋል። የመርሳት፣ ሐሳብ የመሰብሰብ ችግር፣ የስሜት መለዋወጥ ዓይነት ነገር ማለት ነው። ጥናቱ ፀረ-ነፍሳትንም ሆነ ሌሎቹን አንድ ላይ ያየ ስለሆነ ሁሉንም በፀረ-አረም ላይ መጫን አይቻልም። ግን ረጪው አንድ ሰው ነው፤ አንጎሉም አንድ ነው። ጠዋት የአረሙን፣ ከሳምንት በኋላ የትሉን ይረጫል። ዝዋይና መቂ አካባቢ ሽንኩርትና ቲማቲም ላይ በቀን ክፍያ የሚረጩት ልጆች በእኔና በእናንተ ዕድሜ ያሉ ናቸው።

ሌላው ዓለም ምን አደረገ? ስዊድን ፓራኳትን እ.ኤ.አ. በ1983 ከለከለች፣ ስዊዘርላንድ በ1989። የአውሮፓ ኅብረት ከ2007 ጀምሮ አይፈቅደውም። እንግሊዝ ግን በራሷ ማሳ ላይ እንዳይረጭ ከልክላ፣ ሃደርስፊልድ ከተማ ባለው ፋብሪካ ለዓመታት እያመረተች ወደ ውጭ ስትልክ ኖራለች። ለራሴ አይሆንም፣ ለአንተ ግን ይሆንሃል። ፈረንሳይ ደግሞ ከ2012 ጀምሮ ፀረ-ተባይ ለሚነካ የእርሻ ሠራተኛ ፓርኪንሰን የሥራ በሽታ ነው ብላ በሕግ ተቀብላለች፤ ሠራተኛው ካሳ ይጠይቃል። አሜሪካም ከ2010 ጀምሮ ቬትናም ላይ በተረጨው ኤጀንት ኦሬንጅ ለተጋለጡ ወታደሮቿ ፓርኪንሰን ከያዛቸው ከዚያ የመጣ ነው ብላ ትቆጥርላቸዋለች። ኤጀንት ኦሬንጅ የሁለት ፀረ-አረሞች ድብልቅ ነበር፤ አንዱ ዛሬም በእኛ ስንዴና ጤፍ ላይ የሚረጨው 2,4-ዲ ነው። ቶሎ እንዳትደነግጡ፤ በዋናነት የተወገዘው ከሌላኛው ጋር ተደባልቆ የመጣው ዳይኦክሲን ነው፤ ስለዚህ «2,4-ዲ ፓርኪንሰን ያመጣል» የሚል ድምዳሜ ከዚህ አይወጣም። እኔን የገረመኝ የወታደሩ ጡረታ ነው። የተረጨበት ሰው ጡረታ አገኘ። የሚረጨው የምንጃር ሰው ግን መርጫ ማዘሉ እንኳ የትም አልተመዘገበም።

«ከከለከልን ምርት ይቀንሳል» የሚል አለ። ደቡብ ኮሪያ የፓራኳትን ምዝገባ በ2011 ሰርዛ በ2012 ሽያጩን አገደች። በመርዝ የሚሞተው ሰው ቁጥር በሁለት ዓመት ውስጥ ወደ ግማሽ ወረደ፤ የሰብል ምርት ላይ ግን የታየ ጉዳት የለም። ሌላ አማራጭ አገኙ፣ ሠሩ። ይህን ስል ሁሉንም ኬሚካል ነገ እንከልክል ማለቴ አይደለም፤ ከላይ የጉልበቱን ነገር ያነሳሁት ለዚህ ነው። በጣም አደገኛውን ለይቶ ማውጣት ግን አገር አያስርብም።

ሕግ የለንም ወይ? አለን። የፀረ-ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 ያልተመዘገበ ፀረ-ተባይ እንዳይሸጥ ይከለክላል፣ ስለ ማሸጊያና ስለ ገላጭ ጽሑፍም ይደነግጋል፤ ፀረ-አረምም በዚሁ ሥር ነው። አዋጁ እስከ አስመጪው መጋዘን ድረስ በደንብ ይሄዳል። ከመጋዘኑ እስከ ሃይላንዷ ባለው መንገድ ላይ ነው የሚጠፋው።

እኔ የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። ፀረ-አረም ሲሸጥ ጓንቱ አብሮ ይሸጥ፤ በአንድ ማሸጊያ፣ በአንድ ዋጋ፣ እንደ ስልክና ቻርጀር። «ገበሬው ጓንት አይገዛም» የሚሉት ባለሙያዎች ልክ ናቸው፤ ለብቻው አይገዛም። እኔም ለብቻው ብትሸጡልኝ የመኪና ቀበቶ አልገዛም ነበር። እዚያው የወረዳው ከተማ የግብዓት ሱቅ ገብቼ ጓንት ጠይቄ ነበር። ባለሱቁ «የሚጠይቅ ስለሌለ አናመጣም» አለኝ። ገበሬው የማይጠይቀው ስለማያየው ነው፣ የማያየው ስለማይመጣ ነው፤ ከዚህ አዙሪት ገበያ ብቻውን አይወጣም። አብሮ ይሸጥ የሚል አንድ መስመር መመሪያ ግን ሊያወጣው ይችላል። ሁለተኛው ነገር ትንንሽ ማሸጊያ ነው። ገበሬው ሃይላንድ የሚገዛው ሞኝ ስለሆነ አይደለም፣ ጀሪካኑ ኪሱን ስለማይመጥን ነው። የመቶና የሁለት መቶ ሚሊ ሊትር ማሸጊያ፣ በሚያነበው ቋንቋ፣ ማንበብ ለማይችል በሥዕል፣ ከፋብሪካው ታሽጎ ይምጣለት። ሻምፖ በሳሼ የሚሸጥበት አገር ይህ አይከብድም።

መመሪያው እስኪመጣ ስልክ በእጃችሁ ያለ ደግሞ የምትሠሩት አለ። ቤተሰብ ጋ ስትደውሉ «ዝናቡ እንዴት ነው?» ከማለት ጋር «መድኃኒቱ ስሙ ምንድን ነው?» በሉ። ጀሪካኑ ሱቅ ውስጥ ስለሆነ ከታናናሾቻችሁ አንዱ ሄዶ ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ይላክላችሁ። የንግድ ስሙን እርሱት፤ በትንሹ የተጻፈውን የንጥረ ነገሩን ስም ፈልጉ። ፓራኳት የሚል ካያችሁ ሌላ አማራጭ እንዲጠይቁ ንገሯቸው። ጓንት ስትልኩ ቀጭኑን የሐኪም ቤት ጓንት አትላኩ፤ ወፍራሙ፣ እስከ ክርን የሚደርሰው፣ ኬሚካል የማያሳልፈው ነው የሚሆነው። የጨርቅ ጓንት ከባዶ እጅ ሊብስ ይችላል፤ መርዙን መጦ ቆዳ ላይ ይይዘዋል። የተደፈነ ጫፍ በአፍ አይነፋም፤ በውኃና በለስላሳ ብሩሽ ይጸዳል። ባዶው ጠርሙስ ውኃም ዘይትም አይያዝበት።

ልብሱን ማን እንደሚያጥበውም ጠይቁ። አጎቴ ቤት የምታጥበው የመጨረሻ ልጁ ናት፤ 13 ዓመቷ ነው። ያን ሸሚዝ ከወንድሞቿ ዩኒፎርም ጋር በአንድ ሳፋ፣ በባዶ እጇ ታጥበዋለች።